ለ3 ቀን የታሰበን እንቅስቃሴ በሰከንድ የሚዳኝ፦ ሊቼስ ለደብዳቤ ቼዝ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ የደብዳቤ ቼዝ፣ ማለትም ለአንድ እንቅስቃሴ ቀናት የሚሰጥበትን ቼዝ፣ ለሚጫወት ሰው ከሊቼስ የተሻለ የኢንተርኔት ቼዝ መጫወቻ የለም። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ የባንክ ካርድ አይጠይቅም። አንድ ጉድለት ግን አለበት፤ ጨዋታው አልቆ ሲጠየቅ ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ፍርድ ለውስብስብ የደብዳቤ ጨዋታ አይመጥንም፤ ጓደኛሞች "የማን ጨዋታ ይበልጣል" ብለው ሲከራከሩም አይዳኝም። ጉድለቱን ማለፍ የሚቻለው እዚያው ሊቼስ ውስጥ ባሉ ሌሎች መሣሪያዎች ስለሆነ አብዛኛው ጽሑፍ ስለ እነሱ ነው።

አጨዋወቱን ባጭሩ። "ኮረስፖንደንስ" ተመርጦ ለአንድ እንቅስቃሴ ከ1 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። 1 ቀን ለኛ ከተማ አይሆንም። መብራት ማታ ሄዶ በማግስቱ ከሰዓት ሲመጣ፣ ኔትወርኩም አብሮት ሲጠፋ፣ የተሸነፈ ሰው ቁጭ ብሎ በሰዓት ያሸንፋል። 3 ቀን ያስኬዳል፣ 5 ቀን ልክ ነው። በ14 ቀን አንድ ጨዋታ ከዓመት በላይ ሊጎተት ይችላል፤ ሰውም ያሰበውን ረስቶ በየጊዜው እንደ አዲስ ይጀምራል። ቼስ ዶት ኮም ላይ ሰዓቱን የሚያቆም የዕረፍት ጊዜ አለ፣ ሊቼስ ላይ የለም። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት እንደቆየው ያለ ነገር ሲመጣ ደግሞ 14 ቀንም አያድንም።

ለአጭር መቋረጥ መፍትሔ አለ። በጨዋታው ገጽ ላይ ያለው የመተንተኛ ሰሌዳ "እሱ ይህን ቢጫወት እኔ ይህን" የሚል እንቅስቃሴ አስቀድሞ ይቀበላል። ገጠር ከመውጣታችሁ በፊት ሙሉት፤ ግን አማራጭ የሌለውን መልስ ብቻ፣ ለምሳሌ ሲበላ መልሶ መብላትን። ረጅም መስመር የሚሞላ ሰው ችግር የሚገጥመው ተጋጣሚው በጠበቀው መንገድ ሄዶለት እያለ ቦታውን እንደገና ሳያየው ስልኩ ስለሚጫወትለት ነው። እዚያው የግል ማስታወሻ መጻፊያም አለ። ለምን እንደተጫወታችሁ በሁለት መስመር ጻፉበት፤ ኋላ ጨዋታው ሲዳኝ ከየትኛውም ቁጥር ይበልጣል።

ደንቡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሊቼስ የደብዳቤ ጨዋታ የመክፈቻ መጽሐፍና የመክፈቻ ማውጫ (ሌሎች ከዚያው ቦታ ምን እንደተጫወቱ የሚያሳየውን) ማየት ይፈቀዳል፣ ኢንጂን፣ ማለትም እንቅስቃሴ የሚያሰላ ፕሮግራም፣ መክፈት ግን አይፈቀድም። በ1951 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የደብዳቤ ቼዝ ፌዴሬሽን፣ አይሲሲኤፍ፣ ኢንጂን ይፈቅዳል። እዚያ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ብዙው ጨዋታ አቻ ይወጣል፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሬ ነው። ጀማሪ እዚያ ምን እንደሚያደርግ አይገባንም።

አሁን ወደ ፍርዱ። ጨዋታው አልቆ የኮምፒውተር ትንተና ሲጠየቅ ሰርቨሩ ለሁለቱም ተጫዋች የትክክለኛነት መቶኛ ያወጣል፣ ትንንሹንና ከባዱን ስህተት ለይቶ ይቆጥራል። ለ5 ደቂቃ ጨዋታ ከበቂ በላይ ነው። 3 ቀን በታሰበበት እንቅስቃሴ ላይ ግን ሰርቨሩ የሚያጠፋው ጥቂት ሰከንድ ነው። መቶኛው የሚለካው አንድ እንቅስቃሴ የማሸነፍ ዕድልን ምን ያህል እንዳወረደ እንጂ ቦታው ምን ያህል ከባድ እንደነበር አይደለም። ንግሥቶቹ በጊዜ ተለዋውጠው፣ ወታደሮቹ ተቆላልፈው አቻ የወጣ አሰልቺ ጨዋታ ለሁለቱም ወደ 98 ያሳያል፤ መሥዋዕት የበዛበት 89 ያገኛል። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ "የኔ ጨዋታ ይበልጣል" ይላል። ክርክሩ እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው።

ለመፈተሻ በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮኑ ካስፓሮቭ በኢንተርኔት ድምፅ ከሚሰጥ መላው ዓለም ጋር የተጫወተው ይመቻል። ለአንድ እንቅስቃሴ 24 ሰዓት፣ 62 እንቅስቃሴ፣ 4 ወር፣ ከ50,000 በላይ ድምፅ ሰጪ። (በኛ በጥንቱ የሰንጠረዥ ጨዋታ ተመልካቹ በዙሪያ ቆሞ ምክሩን ይጮህ ነበር ይባላል፤ ይህም ያው ነው፣ ጩኸቱ በኢንተርኔት ሆነ እንጂ።) በሲሲሊያን መክፈቻ፣ 10ኛው ላይ፣ ጥቁሩን የያዘው ዓለም ንግሥቱን ወደ ኢ6 ወሰደ፤ ሐሳቡ ከዓለም ቡድን አማካሪዎች አንዷ የሆነችው የአይሪና ክረሽ ነበር። 14ኛው ሲጠናቀቅ ነጭ አንድ ሩክ በልቶ አንድ ፈረስ ሰጥቷል፣ ጥቁር በ2 ወታደር ይበልጣል፣ ንጉሡ ግን ዲ7 ላይ መሀል ሜዳ ቆሟል። ይህን ቦታ አንድ የተጣደፈ ቁጥር አይዳኘውም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ሊቼስ ላይ "ስተዲ" የሚባለውን የጋራ ማጥኛ ክፈቱና ጨዋታውን በፒጂኤን (እንቅስቃሴዎቹ በጽሑፍ በሚቀመጡበት ፋይል) አስገቡ። አንድ ስተዲ 64 ምዕራፍ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ አከራካሪ ቦታ አንድ ምዕራፍ ስጡ። በመጀመሪያው ዙር ኢንጂኑ ይዘጋ። ሁሉም ተከራካሪ በራሱ ዓይን ያየውን ከእንቅስቃሴው ሥር ይጻፍ፣ የቃለ አጋኖና የጥያቄ ምልክቱንም ያድርግ። ይህን ዙር የዘለለ ቡድን ሲከራከር ሳይሆን ቁጥር ሲያነብ ይውላል።

ቀጥሎ የመክፈቻ ማውጫውን አብሩና ጨዋታው ከታወቀው መንገድ የወጣበትን እንቅስቃሴ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ በፊት ያለውን ማመስገንም መውቀስም ዋጋ የለውም፤ የሌላ ሰው ሥራ ነው።

ኢንጂኑ የሚገባው በሦስተኛው ዙር ነው። የሚያሳየውን የአማራጭ መስመር 3 አድርጉት እንጂ በ1 አትተዉት። አንደኛውና ሁለተኛው ምርጫ በ0.1 ብቻ (1 ማለት የአንድ ወታደር ያህል ብልጫ ነው) ከተለያዩ "ስህተት" ተብሎ የተመዘገበው እንቅስቃሴ ስህተት አይደለም፣ የጣዕም ጉዳይ ነው። በ2 ከተለያዩ ያ አንድ እንቅስቃሴ መገኘቱ ራሱ ምስጋና ይገባዋል። ጥልቀት (ኢንጂኑ ምን ያህል ወደፊት እንዳሰላ) 20 ላይ የታየ ቁጥር ደግሞ አይታመን። መስመሩን 8 ወይም 10 እንቅስቃሴ ወደፊት ገፍታችሁ እዚያ ይሥራ፣ ከዚያ ወደኋላ እየመለሳችሁ ቁጥሩ መቀየሩን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ይቀየራል፤ ወደፊት ያየው ነገር በማስታወሻው ስለሚቀር ሲመለስ ይጠቅመዋል። ቁጥሩ +1.5 ላይ ተገትሮ ለ20 እንቅስቃሴ ካልተነቃነቀ የመከላከያ ምሽግ መኖሩን ጠርጥሩ። ያ ጨዋታ ኢንጂኑ ምንም ቢል አቻ ሊሆን ይችላል።

ስልክ ላይ ይህ ሁሉ ይቻላል ግን ያስመርራል። ኢንጂኑ የሚሠራው በራሳችሁ ስልክ ጉልበት ነው፤ ይግላል፣ ባትሪ ይበላል፣ መስኮቱ ከተቀየረ ወይም ስክሪኑ ከጠፋ ይቆማል። ለሊቱን ሲያሰላ ያድራል ብሎ የተኛ ሰው ጠዋት ጥልቀት 23 ላይ ያገኘዋል። የኢንጂኑ ፋይልም መጠኑ ይለያያል፤ ቀላሉ ወደ 7 ሜጋባይት፣ ከባዱ ወደ 80 ይጠጋል። በዳታ ከሆነ ቀላሉ ይበቃል፣ ላፕቶፕና ዋይፋይ ካለ ከባዱን አንዴ አውርዱት። እንቅስቃሴ መላክ ብቻውን ግን ትንሹን የዳታ ጥቅል እንኳ አይነካውም።

ሊቼስ በእውነት የሚያስመሰግነው የመጨረሻው ክፍል ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ ንጉሦቹን ጨምሮ 7 ወይም ከዚያ በታች ሲቀር የመክፈቻ ማውጫው ወደ ቴብልቤዝ ይለወጣል፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ያሸንፍ፣ አቻ ያወጣ፣ ይሸነፍ እንደሆነ ያለ ግምት ይናገራል። የሚሰላው ሰርቨር ላይ ስለሆነ የስልካችሁን ቦታ አይወስድም። የካስፓሮቭ ጨዋታ ከ49ኛው ጀምሮ 7 ላይ ነው፤ በ1999 ይህ ማውጫ አልነበረም። ዓለም 51ኛው ላይ ወታደሩን ወደ ቢ5 ሲገፋ የድምፅ አሰጣጡ ንጽሕና አጠያየቀ፤ 58ኛው ላይ ንግሥቱን ወደ ኢ4 ሲወስድ ደግሞ የክረሽ ትንተና በሰዓቱ አልደረሰም ነበር። ሁለቱንም ቦታ አስገቡና ራሳችሁ እዩ። ማውጫው ትክክሉን ይነግራችኋል፤ የንግሥት ፍጻሜን ያለ ማውጫ በ24 ሰዓት ማግኘት ለሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይነግራችሁም። ስለዚህ "ስህተት ነው" እና "መጥፎ ጨዋታ ነው" ለየብቻ ይጻፉ።

ተከራካሪው ግማሹ ደሴ፣ ግማሹ ኮምቦልቻ ከሆነ በሐረጎ ጠመዝማዛ መውረድና መውጣት አያስፈልግም። ስተዲው የግል ይደረግና አባላቱ ይጋበዙ፤ የመጻፍ ፈቃድ ለሁሉም ይሰጥ። ኢንጂኑን ግን አንድ ሰው ብቻ ያስኪድ፣ በዚያ ሳምንት መብራት የማይቆራረጥበት ሰፈር ያለው፤ ከቁጥሩ ጎንም ጥልቀቱን ይጻፍ። 4 ሰው በ4 ስልክ ያወጣው 4 የተለያየ ቁጥር ስለ ስልኮቹ ነው የሚያከራክረው።