የጀልባ ሽፋን ቁልፎች፣ ላስቲኮችና መንጠቆዎች፦ ከወራት በኋላ የቱ ቆየ፣ የቱ ከዳ?

ስለ ጀልባ ሽፋን ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ሸራው ነው። ወፍራም ነው ወይ? ውሃ ያስገባል ወይ? ቀለሙ በፀሐይ ይለቃል ወይ? ሸራውን ከጀልባው ጋር አጥብቀው የሚይዙት ትንንሽ ዕቃዎች የሚታወሱት ነፋስ ጉዳቸውን ካወጣው በኋላ ነው። ይህ ግምገማ ስለ እነሱ ብቻ ነው።

የገዛሁት አንድ ፓኬት ነው። ውስጡ ሲጫኑት ጠቅ የሚሉ የብረት ቁልፎች ከነመምቻቸው፣ ኳስ ያላቸው የላስቲክ ቀለበቶች፣ እንዲሁም ሸራውን ሳይበሱ ነክሰው የሚይዙ የፕላስቲክ መቆንጠጫዎች አሉት። ጀልባዬ ፋይበርግላስ ነው፤ የፊት መስታወቱ ፍሬም ግን አሉሚኒየም ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ጣጣ ታመጣለች። ሸራው በፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ጀልባው የሚያድረው ውጭ፣ ጨዋማ ውሃ አጠገብ ነው። ከሙቀቱ ወራት እስከ ብርዱ ድረስ በዚሁ ፓኬት ተሸፍኗል።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ቁልፎቹ ይገዛሉ። ላስቲኩን ቤት መሥራት ይሻላል። መቆንጠጫዎቹን እንዳታስቧቸው።

ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት አንድ ነገር መቀበል ያስፈልጋል። ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ የሆነ ነገር መሸነፉ አይቀርም። የላስቲክ ቋጠሮ ቢለቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሸራው ቢቀደድ የሰፊ ደጅ መጥናት ይመጣል። ቪቴው ፋይበርግላሱን ይዞ ቢነቀል ደግሞ አታድርስ ነው። ስለዚህ አንድ ዕቃ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይህ እንዳይበጠስ ከሱ በፊት ማን ይበጠስለታል?» ብዬ ነው።

ከቁልፎቹ ልጀምር። ጃኬትና ቦርሳ ላይ የምናውቀው ዓይነት ነው፤ ተለቅ ይላል እንጂ። ኮፍያው ወደ 15 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ለጀልባ ሸራ የተለመደው መጠን ይኸው ነው። ሸራው ላይ ኮፍያውና ሴቴው ተያይዘው ይመታሉ። ጀልባው ላይ ወንዴው በቪቴ ይታሰራል። ሴቴው ውስጥ ቀጭን የሽቦ ስፕሪንግ አለች። ወንዴው ሲገባ ከፈት ብላ መልሳ አንገቱን ትይዘዋለች። ጠቅ የምትለው እሷ ናት።

ችግሯም እዚያው ነው። የባሕር ውሃ ሲደርቅ ጨው ይተዋል፤ ጨው ስፕሪንጓን ያደርቃታል። ከዚያ ቁልፉ አንዴ አልገባም ይላል፣ አንዴ አልወጣም። መድኃኒቱ በንጹህ ውሃ ማጠብ ነው። ከዚያ ወንዴው ጭንቅላት ላይ ትንሽ ቅባት። ቫዝሊን ይሠራል፣ አቧራ ግን ይሰበስባል። እኔ ሻማ እመርጣለሁ። ሁለቴ ሦስቴ ማሸት ይበቃል።

ስትከፍቱ ሸራውን ይዛችሁ አትጎትቱ። ጣታችሁን ከቁልፉ ሥር አስገብታችሁ አንሱት። ሸራውን የጎተተ ሰው ቁልፉ የተመታበትን ቀዳዳ በየቀኑ ያሰፋዋል፤ አንድ ቀን ኮፍያውም ሴቴውም ተያይዘው ወንዴው ላይ ይቀራሉ፣ ሸራው ብቻ እጁ ላይ ይገኛል። ከወራት በኋላ በእኔ ሸራ ላይ አንድም ቀዳዳ አልሰፋም። ይህን የምሰጠው ለቁልፉ ጥራት ብቻ አይደለም፣ አከፋፈቱም ድርሻ አለው።

ብረቱስ? ፓኬቱ ላይ ሁሉም «ስቴንለስ» ተብሎ ተጽፏል። አይደለም። ቪቴዎቹ እውነትም የማይዝግ ብረት ናቸው፤ ኮፍያዎቹ ግን ኒኬል የተለበጠ ናስ ናቸው። ብዙ ሰው ማግኔት ያስጠጋና ካልሳበው «ስቴንለስ ነው» ብሎ ያልፋል። በስሱ ኒኬል የተለበጠ ናስንም ማግኔት ይህ ነው የሚባል አይስበውም፤ ስለዚህ ማግኔት እዚህ ላይ ምስክር አይሆንም። ሞረድ ግን አይዋሽም። የማይታየውን የውስጥ ጠርዝ ትንሽ ፋቅ አድርጉት፤ ቢጫ ከታየ ናስ ነው። ናስ መሆኑ በራሱ አያስከፋኝም። ናስ እንደ ተራ ብረት አይዝግም፤ ልባሱ ሲያልቅ አረንጓዴ ያወጣል እንጂ። ያስከፋኝ ያልሆነውን ነኝ ማለቱ ነው።

ለቪቴዎቹ ቁጥሩን አንብቡ። 304 እና 316 የሚባሉ የማይዝግ ብረት ዓይነቶች አሉ። 316 ውስጥ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም አለ፤ ጨው ብረቱን ነጥብ ነጥብ እያደረገ እንዳይበላው የሚያግዘው እሱ ነው። 304 በባሕር አየር ውስጥ ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ ቡናማ እድፍ ያወጣል። ለጨው አልባ ውሃ 304 ይበቃል።

ወንዴውን ፋይበርግላስ ላይ ስታስሩ ቪቴውን በቀጥታ አትንዱት። ላዩ ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ሽፋን ደረቅ ነው፤ ቪቴው ሲነክሰው እንደ ኮከብ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በትራፓኖ ቀጭን ቀዳዳ፣ ቀጥሎ የቀዳዳውን አፍ በሰፋ ፑንታ ዞር ዞር አድርጎ ማስፋት፣ ከዚያ የጀልባ ማሸጊያ ጠብ አድርጎ ቪቴውን በእጅ ካቻቢቴ ማሰር። በእጅ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ማሽን የት ላይ ማቆም እንዳለበት አያውቅም።

አሁን ወደ አሉሚኒየሙ። ወራቱ ሲገፉ መስታወቱ ፍሬም ላይ ባሉት ወንዴዎች ዙሪያ ነጭ ዱቄት መታየት ጀመረ። በጥፍር ሲጭሩት ይረግፋል፤ ከሥሩ አሉሚኒየሙ ጎድጎድ ብሏል። ፋይበርግላሱ ላይ ያሉት ደግሞ ምንም አልሆኑም። ነገሩ ግልጽ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው ጨዋማ ውሃ ሲያገኙ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ቪቴዎቹን አወጣሁ፣ ዱቄቱን ጠረግሁ፣ ከእያንዳንዱ ወንዴ ሥር የናይለን ሮንዴላ አስገባሁ፣ የቪቴውን ጥርስ ለዚሁ ተብሎ በሚሸጥ ወፍራም ቅባት ሞላሁና መልሼ አሰርኩ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ዱቄት የለም። ፓኬቱ ውስጥ አራት ሮንዴላ መጨመር ምን ያህል ያከስር ነበር?

ብርዱ ሲመጣ ሌላ ነገር ተከሰተ። በፕላስቲክ የተለበጠ ሸራ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ አልሳብም ይላል። ፊት ለፊት ያሉት ቁልፎች ጣት ለሚያህል ርቀት አልደርስ አሉ። በጉልበት መሳብ ይቻላል፤ ግን ያኔ መጀመሪያ የሚሸነፈው ሸራው ይሆናል። ስለዚህ ማራዘሚያ ሠራሁ። ከአሮጌ ቦርሳ ማንገቻ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆረጥኩ፤ ጫፎቹን በእሳት አቀለጥኩ፤ በአንዱ ጫፍ ሴቴ፣ በሌላው ወንዴ መታሁ። ለዚህ የሚሆነው ወንዴ ቪቴ ያለው አይደለም፣ ከኋላው በቀለበት የሚመታ ለጨርቅ የተሠራ ነው። ሴቴውን ጀልባው ላይ፣ ሸራውን ማራዘሚያው ላይ። በቃ። ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ስትመቱ ከሥሩ ወፍራም እንጨት አድርጉ፤ ድንጋይና ሲሚንቶ ኮፍያውን ያጎደጉዱታል። ሁለት ሦስት ለስለስ ያለ ምት ከአንድ ከባድ ምት ይሻላል። የኮፍያው ቱቦ ዙሪያውን እኩል መጠቅለል አለበት። ወደ ጎን ከተኛ ወይም ከተሰነጠቀ አውጥታችሁ ጣሉት፤ ለጊዜው ቢይዝም ሸራውን ይቆርጠዋል።

ወደ ላስቲኩ እንሂድ። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ ነው፤ ውስጡ ቀጫጭን የጎማ ክሮች፣ ላዩ የተጎነጎነ ልባስ። ሁለቱ ጫፎች ኳሷ ውስጥ ገብተው ይቋጠራሉ። ቀለበቱን በሸራው ቀዳዳ ታሳልፉታላችሁ፣ የጀልባውን መደገፊያ ዘንግ ታዞሩታላችሁ፣ መልሳችሁ ኳሷ ላይ ታጠልቁታላችሁ። ጫፉ ላይ የብረት መንጠቆ ካለው ላስቲክ ይህን የምመርጠው ለዓይኔ ስል ነው። የተወጠረ ላስቲክ ብረት ይዞ ሲያመልጥ ወደ ጎታቹ ፊት ነው የሚመጣው።

ፓኬቱ ውስጥ ነጭም ጥቁርም ኳስ ነበረ። ነጮቹ መጀመሪያ ጠመኔ የነካቸው መሰሉ፤ በእጅ ሲነኩ ይለቃሉ። ቀጥሎ ቋጠሮው በሚያርፍበት ቀዳዳ አፍ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ወጣ። ከዚያ አንድ ጠዋት ግማሽ ኳስ መሬት ላይ ነው። ጥቁሮቹ እስካሁን ደህና ናቸው። ለፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ጥቁረት የሚሰጠው የካርቦን ጥላሸት ነው፤ ጥላሸቱ አልትራቫዮሌቱን ስለሚውጥ ጉዳቱ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ውጭ ለሚውል ፕላስቲክ ነጭ አትግዙ፣ ቢያምርም።

ገመዱ ራሱ ፀሐይ በሚያገኘው ወገን ቶሎ አረጀ። ምልክቱ መበጠስ አይደለም። ስትለቁት ረዝሞ ይቀራል፣ ልባሱም ይጎፍራል። ጥላ ወገን ያሉት ገና እንደ አዲስ ናቸው።

ስለዚህ ፀሐይ ወገን ያሉትን ቤት በሠራሁት ተካሁ። ልባሱ ፖሊስተር የሆነ ላስቲክ በሜትር ገዛሁ። በኳስ ፋንታ 5 ሴንቲ ሜትር የመጥረጊያ እጀታ ቆረጥኩ፣ ወገቡ ላይ በሞረድ ዙሪያውን ቦይ አወጣሁ፣ ጀልባውን እንዳይጭር ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። ላስቲኩ ቦዩ ላይ ተጠምጥሞ ይቋጠራል። ተራ ቋጠሮ አይሆንም። ላስቲክ ሲወጠር ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ቋጠሮው ይሾልካል። ሁለት ዙር አድርጋችሁ ቋጥሩና ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት። ውጥረቱም መጠን አለው፤ እኔ ከርዝመቱ እኩሌታ በላይ አልስበውም። በዚህ አሠራር ነፋስ ሲበረታ መጀመሪያ የሚለቀው ቋጠሮው ነው፣ እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው።

መቆንጠጫዎቹ? ልሙጥ ሸራ ላይ አይይዙም። ነፋስ ሸራውን ሲያርገበግበው ጥርሳቸው እየተንሸራተተ ይወጣል። በነሱ ቦታ የተጠቀምኩት የድሮ ዘዴ ነው፤ ለስላሳ ክብ ጠጠር ከሸራው ሥር ታስገባላችሁ፣ ከላይ በገመድ አንገቱን ታንቃላችሁ። ሸራው አይበሳም፣ ገመዱ በተሳበ ቁጥር ይጠብቃል። ወፍራም ሸራ ላይ ግን አይመችም።

ለመደገፊያው ዘንግ መንጠቆ ከፒቪሲ ቧንቧ ይወጣል። ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቀለበት ቆርጦ አንድ ጎኑን መክፈት ነው፤ ዘንጉን ጨብጦ ይይዛል። ብርድ ሲጠነክር ይሰባበራልና ትርፍ ይኑራችሁ። ስሪ ዲ ፕሪንተር ያላችሁ ደግሞ ፒኤልኤ በሚባለው የተለመደ የፕሪንተር ፕላስቲክ አትድከሙ፤ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ዕቃ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ኤኤስኤ የሚባለው ፕላስቲክ ፀሐይንም ሙቀትንም ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱም ዕቃ የማይፈታው ነገር አለ፤ ሸራው ላይ የሚቋጥር ዝናብ። ሒሳቡን ሥሩት። 1 ካሬ ሜትር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢቆም 50 ኪሎ ነው። ይህን ክብደት ቁልፍ ላይ መጫን ግፍ ነው። ከሥሩ ምሰሶ አቁሙ፣ ውሃው ይንሸራተት።

አሁን አደራደሬ ይህ ነው፦ ቅርጽ በሚፈለግበት በፊትና በመስታወቱ ዙሪያ ቁልፍ፣ በጎንና በጎን ላስቲክ፣ ከኋላ የሸራው ጫፍ ላይ የአሸዋ ከረጢት። የውሃ ጠርሙስም ሞክሬያለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ጀልባውን ሲያንኳኳ ስለሚያድር ተውኩት።

ፓኬቱን ድጋሚ አልገዛውም። ቁልፎቹን ለብቻ በቁጥር እገዛለሁ፤ መምቻው አለኝ፣ ዘይት ቀብቼ አስቀምጬዋለሁ፣ ተራ ብረት ስለሆነ ይዝጋል። ከሌላ አምራች የምትገዙ ከሆነ ግን ሙሉ ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ሴቴ ወስዳችሁ ያላችሁ ወንዴ ላይ ሞክሩት። መጠናቸው አንድ ነው ተብለው የተሸጡ ሁለት ቁልፎች አጋጥመውኝ አንዱ ጠብቆ አልወጣ ብሏል፣ ሌላው ሳይነካ ይወልቃል።