ማሊያውን ጨምድዶ የያዘበት ፎቶ

ፎቶው ፀጉር ቤቴ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሦስት ወር አለፈው። ያለው ከመሃለኛው መስታወት በስተቀኝ ነው። ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ፍሬሙና ስለ ዋጋው እነግራችኋለሁ። ግን ይሄን ፎቶ እላዩ ላይ ካለው ሰውዬ፣ ከኳስ ተጫዋቹ ከዴቭ ማካይ ነጥዬ ማውራት አይሆንልኝም። እሱን ሳልነግራችሁ ለምን አንዴ እንደመለስኩት አይገባችሁም።

የምሠራው ስኮትላንድ፣ ኤደንብራ ከተማ፣ ጎርጊ በሚባል ሰፈር፣ ጎርጊ ሮድ ላይ ነው። የከተማው ኳስ ቡድን የሃርትስ ሜዳ፣ ታይንካስል፣ ከሱቄ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ጨዋታ ባለ ቀን መንገዱ በሙሉ የወይን ጠጅ ቀለም ማሊያ ለብሶ ይወጣል። በሌላው ቀን ደግሞ ከሰፈሩ የውስኪ ፋብሪካ የሚመጣው የእህል ሽታ ያውዳል። ለእኔ የእናቴን የጠላ ድፍድፍ ነው የሚያስታውሰኝ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ፀጉራቸው ትንሽ ነው፤ ወሬያቸው ግን ብዙ ነው። እኔም ከፀጉሩ ይልቅ ለወሬው ነው የምጠብቃቸው።

ዴቭ ማካይ ያረፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርች 2 ቀን 2015፣ በሰማንያ ዓመቱ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ቀኑ አይጠፋኝም። በእኛ የካቲት 23፣ የዓድዋ ዕለት ነበር። በማግስቱ ማክሰኞ ሱቁን ልከፍት ስመጣ አራት ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆመው አገኘሁ። ሊቆረጡ አልመጡም። ዜናውን ሰምተው ቤታቸው መቀመጥ አልቻሉም። አንደኛው ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ለቅሶ ቤት የገቡ ነበር የሚመስሉት። ወንበር አቀረብኩ፣ ሻይ አፈላሁ። ሱቁን ከከፈትኩ ገና ስድስት ወር ብቻ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የሰውየውን ስም በቅጡ አላውቀውም ነበር።

ያን ቀን የሰማሁትን አልረሳውም።

ማካይ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፣ የ1934 ልጅ። በልጅነቱ የሃርትስ ደጋፊ ነበር። ከዚያ ተጫዋቹ ሆነ፣ ከዚያም አምበሉ። በ1956 ሴልቲክን 3 ለ 1 አሸንፈው የስኮትላንድ ዋንጫን ወሰዱ። በ1957/58 ደግሞ በእሱ አምበልነት ሊጉን ሲያነሱ 132 ጎል አግብተዋል፤ የገባባቸው 29 ብቻ ነው። የሰፈሬ ሽማግሌዎች ይህችን ቁጥር እንደ ዳዊት ይደግሟታል። "አንድ መቶ ሠላሳ ሁለት" ብሎ የጀመረ ሰው ወንበሬ ላይ ከተቀመጠ፣ ፀጉሩ ያልቃል እንጂ ወሬው አያልቅም።

አብሮት የተጫወተው ጆን ከሚንግ በ1956ቱ ፍጻሜ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ደም ሲወርደው "በወይን ጠጅ ማሊያ ላይ ደም አይታይም" አለና ተመልሶ ተጫወተ። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ነበሩ። የማካይም ጥንካሬ ከዚያው ቤት የወጣ ነው።

ሽማግሌዎቹ ግን ስለ ጥንካሬው ብቻ ሲነገር አይወዱም። ቆባቸውን ያወለቁት ሰውዬ ተነስተው በእግራቸው አሳዩኝ። ማካይ ወደ ሜዳ ሲገባ ኳሷን ወደ ሰማይ ይለጋታል። ስትወርድ በእግሩ ጀርባ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆማታል፣ እንቁላል እንደሚቀበል ሰው። ተጋጣሚዎቹ ያን አይተው ጨዋታው ሳይጀመር ልባቸው ይርዳል። ሳንቲም በእግሩ አንስቶ ግንባሩ ላይ ያሳርፍና ኮት ኪሱ ውስጥ ይከት ነበር ይባላል። "ሰው ሁሉ ተንሸራትቶ ኳስ መንጠቁን ነው የሚያወራው" አሉ። "እኔ ግን ያየሁት እግር እንደ እጅ ነበር።"

በማርች 1959 የለንደኑ ቡድን ቶተንሃም በ32,000 ፓውንድ ወሰደው። ሌላኛው ሽማግሌ ያኔ ልጅ ነበሩ። "አባቴ የዚያን ቀን እራት ሳይበላ ተኛ" አሉን። ሃምሳ ስድስት ዓመት አልፎም ይሄን ሲናገሩ ድምፃቸው ተሰበረ። ለንደን ሄዶ በ1961 የእንግሊዝን ሊግና የእንግሊዝን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ኤፍኤ ካፕን በአንድ ዓመት አነሳ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ከዚያ በፊት ማንም ቡድን ይሄን አድርጎ አያውቅም ነበር። ዲሴምበር 1963 ማንችስተር ላይ ግራ እግሩ ተሰበረ። ድኖ ሲመለስ፣ በሴፕቴምበር 1964 ያው እግር እንደገና ተሰበረ። አለቀለት ተባለ። በ1967 አምበል ሆኖ ኤፍኤ ካፑን ከፍ አድርጎ ሲያነሳ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ጎርጊን የሚያንገበግበው ነገር ደግሞ አለ። በ1968 ወደ ሃርትስ ሊመለስ ጫፍ ደርሶ ነበር። የደርቢ ቡድን አሰልጣኝ ብራያን ክላፍ ሄዶ አግባባውና በ5,000 ፓውንድ ወደ ደርቢ ወሰደው። ይሄ ነገር ሲነሳ ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ዝም ይላል።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ። ያነሳው ሞንቴ ፍሬስኮ ነው፤ ኦገስት 20 ቀን 1966፣ በቶተንሃም ሜዳ በዋይት ሃርት ሌን። የሊጉ የመጀመሪያ ቀን ነው። ቶተንሃም ከሊድስ ይጫወታል። ማካይ የሊድሱን የቢሊ ብሬምነርን ማሊያ ደረቱ ላይ ጨምድዶ ይዞታል። ፊቱ በቁጣ ተኮማትሯል። ብሬምነር ሁለት መዳፉን ዘርግቶ "እኔ ምን አደረግኩ?" የሚል ይመስላል። ዳኛው ኖርማን በርተንሾ ለመገላገል እየመጣ ነው። የማካይ የቡድን ጓደኛ ቴሪ ቬናብልስ ከኋላ ቆሞ ያያል።

ሁለቱም ስኮትላንዳውያን ናቸው። ሁለቱም አጫጭር ናቸው። ሁለቱም ለአገራቸው ብሔራዊ ቡድን ተጫውተዋል። ብሬምነር ደግሞ ከማካይ የሚያንስ አልነበረም፤ የሊድስ አምበል ሆኖ ሊጉን ሁለት ጊዜ አንስቷል። እሱም አልፏል፤ በዲሴምበር 1997፣ ሃምሳ አምስት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው። ሊድስ ስታዲየም ደጅ ሐውልት አለው።

ፎቶውን ብቻ ያየ ሰው ማካይ ትንሽ ልጅ የሚደበድብ ጉልበተኛ ይመስለዋል። ማካይ ራሱም ለዚህ ነበር ፎቶውን የማይወደው። ብሬምነር የመታው ግን ያንኑ ሁለት ጊዜ የተሰበረውን እግር ነው። ይሄ ፎቶው ላይ አይታይም። ስለዚህ ፎቶውን የሚሰቅል ሰው ይሄን የመናገር ግዴታ ያለበት ይመስለኛል። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።

ያዘዝኩት ኢንተርኔት ላይ የድሮ የስፖርት ፎቶ አትሞ ከነፍሬሙ ከሚልክ ቤት ነው። 50 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ጥቁር የእንጨት ፍሬም፣ 64 ፓውንድ። ማድረሻ 7 ፓውንድ። በስድስተኛው ቀን መጣ፣ በደንብ ታሽጎ፣ ማዕዘኖቹ በካርቶን ተሸፍነው። ኅትመቱ ግሩም ነው። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ አያብረቀርቅም። ጥቁሩ ጥቁር ነው። የማሊያው ጭምድድ እያንዳንዱ እጥፋት ይታያል። የማካይ አንገት ላይ ያለው ጅማት እንኳ ተለይቶ ይታያል።

ችግሩ ሌላ ነበር። ለፍሬሙ እንዲመች ብለው ዳርና ዳሩን ቆርጠውታል። ቬናብልስ የለም። ዳኛው በግማሽ ቀርቷል። ሁለቱ ሰዎች ብቻቸውን ቀሩ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ዙሪያው ያለው ሰው ሲጠፋ ፎቶው የሜዳ ግጭት መሆኑ ይቀርና የመንገድ ጠብ ይሆናል። ይባስ ብሎ ግርጌው ላይ በተለጠፈችው ነሐስ መሳይ ሰሌዳ ላይ "ጉልበተኛውና ትንሹ" የሚል ተቀርጿል። እኔ ይሄን አላዘዝኩም።

አንጠልጥዬው ሁለት ቀን እንኳ አልቆየም። ያ አባታቸው እራት ሳይበሉ የተኙት ሰውዬ መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ሰሌዳዋን አነበቡ። ብዙ ቆሙ። "ልጄ፣ ይሄን አውርድልኝ" አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በዚያው ሰዓት አወረድኩት።

ለሻጩ ኢሜይል ጻፍኩ። መልስ ለማግኘት አራት ቀን ፈጀ፤ ይሄ ረጅም ነው። መልሱ ግን ጥሩ ነበር። ይቅርታ ጠየቁ። ሙሉውን ፎቶ ሳይቆረጥ እንደገና አትመው በራሳቸው ወጪ ቀየሩልኝ። ሰሌዳዋ ላይ ምን ይጻፍ ብለው ጠየቁኝ። የሁለቱን ስም፣ ሜዳውንና ቀኑን ብቻ አልኳቸው። በነፃ ቀረጹት።

በዚያው የማያንጸባርቅ መስታወት እንዲደረግለት ጠየቅኩ። 18 ፓውንድ ጨመርኩ፤ በጠቅላላው 89 ፓውንድ ማለት ነው። ሱቅ ወይም ብዙ መብራት ያለበት ክፍል ለሚሰቅል ሰው ይሄን ገንዘብ አትቆጥቡ እላለሁ። በመጀመሪያው መስታወት ላይ ከማካይ ፊት ይልቅ የእኔን አምፖሎች ነበር የማየው። አሁን ከየትኛውም ወንበር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጀርባው በደንብ ታሽጓል፤ ስቲምና ስፕሬይ በማይጠፋበት ቤት ሦስት ወር ሙሉ እርጥበት አልገባበትም። ማንጠልጠያ ሽቦው ግን ቀጭን ነው። አላመንኩትም፣ በወፍራም ቀየርኩት። እናንተም ቀይሩት።

ፎቶው ከተሰቀለ ወዲህ ሰው የሚያወራው ተለወጠ። ከስተርሊንግ የመጣ አንድ ሾፌር ፀጉሩን እየተቆረጠ ስለ ብሬምነር ብቻ አወራኝ። ብሬምነር የተወለደው እነሱ ከተማ ነው። "የእኛ ልጅ እኮ አይፈራም፣ እጁን ዘረጋ እንጂ ወደ ኋላ አላለም" አለኝ። አየሁት፣ እውነቱን ነው። ስንት ጊዜ አይቼው ይሄን አላስተዋልኩም ነበር። ከጎረቤት ሱቅ የሚመጣ ግብፃዊ ወዳጄ ደግሞ ፎቶውን አይቶ "ይሄ የዛማሌክ አሰልጣኝ አይደለም እንዴ?" አለ። ነው! ማካይ ኩዌት ውስጥ አል አረቢን ለዓመታት አሰልጥኗል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ካይሮ ሄዶ ከዛማሌክ ጋር ሁለት ተከታታይ ሊግ ወስዷል። ዛማሌክን የማያውቅ የአገራችን ኳስ አፍቃሪ የት አለ? ይሄን ስሰማ ሰውየው ድንገት ቀረበኝ።

"አውርድልኝ" ያሉኝ ሽማግሌ በወሩ ተመለሱ። አዲሱን አዩት። ሰሌዳዋን አነበቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ከጋዜጣ የተቆረጠ ፎቶ ነው፣ ቢጫ የሆነ። ማካይ በሃርትስ ማሊያ፣ ፀጉሩ በጭቃ ተለጥፎ፣ አፉን ከፍቶ ይስቃል። የቆረጡት አባታቸው ናቸው። "ከዚያኛው ጎን ይሁን" አሉኝ።

ወረቀቷን በፖስታ ለመላክ እጄ እምቢ አለኝ። እዚሁ ስካን አስደረግኩና ለዚያው ቤት ላክሁላቸው። እኔ እንደ ትልቁ 50 በ40 ይሁን ብዬ ነበር። የጋዜጣ ነጠብጣቡ ገዝፎ ፊቱን ያጠፋዋል፣ ከ30 በ20 በላይ አናትምም አሉኝ። ትልቁን ቢሸጡልኝ የበለጠ ገንዘብ ያገኙ ነበር። ትንሹን አዘዝኩ፣ 38 ፓውንድ፣ መስታወቱ የማያንጸባርቅ። ሐሙስ ይደርሳል ብለዋል። ሽማግሌው የሚቆረጡት ዓርብ ዓርብ ነው። ሚስማሩን ዛሬ መትቻለሁ።