የድሮ የብረት ዕቃ ወይስ የድሮ ማስታወቂያ? ባሕር ዳር ላይ የአካባቢ ታሪክ ስብስብ ለሚጀምሩ

በአንድ በኩል የከሰል ካውያ፣ ፋኖስ፣ የነሐስ ሙቀጫ ከነዘነዘናው፤ በሌላ በኩል የሳሙና፣ የሲኒማና የባትሪ ድንጋይ ማስታወቂያ። ሁለቱም የቤት ኑሮን ይናገራሉ፤ አያያዛቸው ግን ለየቅል ነው።

ቦታ፦ ብረት ጠንካራ መደርደሪያ ይፈልጋል። ለወረቀት አንድ ሰፊ መሳቢያ ይበቃል።

ዕድሜ ማወቅ፦ ወረቀት ይቀላል፤ ብዙ ጊዜ ዓመቱ ታትሞበታል። የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓ አቆጣጠር ግን ይለዩ፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ብረት ላይ ዓመት እምብዛም አይገኝም፤ ስለዚህ ዕቃውን ሲረከቡ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይጻፉ።

ስጋት፦ በጣና ዳር ፈተናው ክረምት ነው። እርጥበቱ ከ65 በመቶ ካለፈ ወረቀት ይሻግታል፤ ብረት ከዚያም በታች ይዝጋል።

ለነሐስ ትልቁ ጠላት በሎሚና በጨው መፈተግ ነው። ለጊዜው ያብለጨልጨዋል፤ በስንጥቁ የቀረው ጨው ግን ቆይቶ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ይወጣል፣ ዕቃውንም ይበላዋል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያንሱ፣ በጓንት ይያዙት፣ ስስ ሰም ይቀቡት። የካውያው እጀታ ላይ የጠቆረው የእጅ ወዝ ቆሻሻ አይደለም፤ የተሠራበት ለመሆኑ ምስክር ነውና አይፋቅ።

ወረቀትን ስኮች ያበላሸዋል፤ ሙጫው ቡናማ እድፍ ይተዋል። ላሚኔሽን ደግሞ ጨርሶ አይመለስም። ለእይታ ቅጂውን ይስቀሉ፣ ዋናውን በጨለማ ያኑሩ።

ተማሪዎች እየዳሰሱ የሚማሩበት ክፍል ከሆነ ብረቱ ይሻላል። ደረቅ ቁም ሳጥንና ስካነር ላለው ከወረቀቱ መጀመር ያዋጣል።