ዲቲ-830ዲ፣ ዩቲ139ሲ ወይስ ኤልሲአር-ቲ4? የቦርድ ዕቃዎችን ለመፈተሽ የቱ ይገዛ?

የቲቪ፣ የሪሲቨር ወይም የቻርጀር ጥገና ልትጀምሩ ነው? መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ቴስተር ነው። ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ ስክሪኑ ስፋትና ስለ አሃዙ ብዛት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው "ካፓሲተር ይለካል ወይ?" ብዬ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ይህ ዕቃ፣ ፓወር ሰፕላይ ላይ ቶሎ ከሚያረጁት ዋናው ነውና።

ዲቲ-830ዲ ሁሉም የሚያውቀው ትንሹ ርካሽ መልቲሜትር ነው። በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራል፤ የሚለካበትን መጠን በእጅ እያዞራችሁ ትመርጣላችሁ። የዩኒ-ቲው ዩቲ139ሲ በዋጋ መካከለኛ ነው፤ መጠኑን ራሱ ይመርጣል። ኤልሲአር-ቲ4 ደግሞ መልቲሜትር አይደለም። ዕቃውን ሰክታችሁ ቁልፉን ስትጫኑ ምንነቱንና የእግሮቹን ቦታ ስክሪኑ ላይ የሚያሳይ መፈተሻ ነው።

ለሬዚስተር፣ ለፊውዝና ለዳዮድ ርካሹም ይበቃል። ዳዮድ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ ነው፤ ደህና የሲሊከን ዳዮድ በአንድ በኩል ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት ገደማ ያሳያል። ዲቲ-830ዲ ላይ ይህ በሚሊቮልት ስለሚወጣ 500 ወይም 600 ብታዩ አትደንግጡ። ፕሮቦቹን (የመለኪያውን ሁለት ዘንጎች) ስታገላብጡ ዲቲው "1" ብቻ፣ ዩቲው "ኦኤል" ማለት አለበት፤ ሁለቱም አያሳልፍም ማለት ነው። በሁለቱም በኩል ዜሮ ከሆነ ሾርት ነው። ቦርዱ ላይ እንዳለ ከለካችሁት ግን ጎረቤቶቹ ንባቡን ያዛቡታል፤ አንድ እግሩን ነቅላችሁ ድገሙት።

ልዩነቱ የሚወጣው ካፓሲተር ላይ ነው። ዲቲ-830ዲ ካፓሲተር አይለካም። ሾርት መሆኑን ይነግራችኋል፤ አቅሙ መውረዱን ግን አያሳይም። ዩቲ139ሲ አቅሙን በማይክሮፋራድ ይለካል። የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር የተለመደው ልዩነት 20 በመቶ ነው፤ 1000 የተጻፈበት ከ800 በታች ከወረደ ቀይሩት። ችግሩ ማይክሮፋራዱ ደህና ሆኖ የውስጥ ሬዚስታንሱ የጨመረ ካፓሲተር መኖሩ ነው። ኢኤስአር የሚባለው ይህ ነው። ሳያብጥ፣ ሳያፈስ ቦርዱን ያስቆማል። መልቲሜትሮቹ አያዩትም፤ ኤልሲአር-ቲ4 ግን ኢኤስአሩን በኦም ጽፎ ያሳያችኋል። በዚህ ብቻ እንኳ ለጥገና ቤት የሚገባ ዕቃ ነው እላለሁ።

አንድ ነገር አደራ። 220 ቮልት የሚገባበት ፓወር ሰፕላይ ላይ ትልቁ ካፓሲተር እስከ 310 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ቻርጁን ሳታራግፉ ኤልሲአር-ቲ4 ላይ ከሰካችሁት መፈተሻው ይቃጠላል። እናንተንም ይጎዳል።

ትራንዚስተር ላይም ኤልሲአር-ቲ4 ይበልጣል፤ ሞስፌት የሚባለውን የትራንዚስተር ዓይነትም ይለያል። የዲቲው የትራንዚስተር ሶኬት ለትንንሾቹ ብቻ ነው፤ እግሮቹንም አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ። ሆኖም ኤልሲአር-ቲ4 የሚፈትሸው በዝቅተኛ ቮልቴጅ ስለሆነ፣ ሥራ ላይ ቮልቴጅ ሲበዛበት የሚፈርስ ሞስፌት እዚህ ደህና መስሎ ያልፋል። ቮልት ደግሞ ጨርሶ አይለካም። ስለዚህ ብቻውን አይገዛም።

ስለ አሃዝ ብዛት ብዙ አትጨነቁ። ዲቲው እስከ 1999፣ ዩቲው እስከ 6000 ይቆጥራል። 12 ቮልት ስትለኩ ሁለቱም 12.00 ነው የሚሉት። የዩቲው ትሩ አርኤምኤስ (ሞገዱ የተዛባ ኤሲን በትክክል የመለካት ችሎታ) ለዕቃ ፍተሻ አይጠቅማችሁም። ኢንቨርተር የምትጠግኑ ከሆነ ግን ያስፈልጋል።

ደህንነትን ግን ቀላል አታድርጉት። የዲቲ-830ዲ የ10 አምፔር ቀዳዳ ፊውዝ የለውም። ቀዩን ፕሮብ እዚያ ረስታችሁ ማከፋፈያ ብትነኩበት ቀጥታ ሾርት ነው። የመብራት መስመር የሚነካ ሰው ይህን መሣሪያ ባይይዝ እመርጣለሁ።

ለልምምድና ለባትሪ ሥራ ዲቲ-830ዲና ኤልሲአር-ቲ4 አብረው ይበቃሉ። 220 ቮልት የሚነካ ጠጋኝ ከዩቲ139ሲ ይጀምር፤ ኤልሲአር-ቲ4ን ገንዘብ ሲገኝ ይጨምር።

ሱቅ ስትሄዱ አዲስ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። የመልቲሜትሩን ሁለት ፕሮቦች በኦም ላይ አገናኙና ገመዳቸውን ወዝውዙ፤ ከ1 ኦም በታች ረግቶ መቆም አለበት። ቁጥሩ ከዘለለ ገመዱ ደካማ ነው። ኤልሲአር-ቲ4ን በካፓሲተራችሁ ሞክሩት፤ ከ800 እስከ 1200 ባለው ውስጥ ካላነበበ ሌላ አስወጡ።