ከቦብ ዲላን አልበሞች የትኛው ይቅደም? የሦስት ሸክላዎች ንጽጽር

ሸክላና ሲዲ እንደምሰበስብ የሚያውቁ ወዳጆቼ «ከቦብ ዲላን የትኛውን ልግዛ?» ብለው በየጊዜው ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ በ2016 የሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ማግኘቱን ሰምተው፣ ወይም አንድ ሁለት ዘፈኑን በስልካቸው አዳምጠው የተነሣሡ ናቸው፤ ሰውየው ከ1962 ጀምሮ ያወጣቸው የስቱዲዮ አልበሞች ግን አርባ ያህል ስለሆኑ ከየት እንደሚጀምሩ ግራ ይገባቸዋል። መልሴ አጭር ነው። መጀመሪያ የሚገዛው በ1975 የወጣው «ብለድ ኦን ዘ ትራክስ» ነው፤ ቀጥሎ የ1965ቱ «ሃይዌይ 61 ሪቪዚትድ»፣ ያውም ሞኖው (ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር ተቀላቅሎ የተቀረጸው)፤ ሁሉም ሰው የሚያወድሰው የ1966ቱ «ብሎንድ ኦን ብሎንድ» ደግሞ ገንዘብ እስኪተርፍ ድረስ ይቆይ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዋጋዎቹም እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የሸክላ መደብሮች የማያቸው ናቸው።)

በቅድሚያ ብዙ ጀማሪ የሚያነሣውን የ1967 የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ከመንገድ ላንሣው። ያገለገለው ሸክላ ከ8 እስከ 12 ዶላር ስለሚሸጥ ርካሽ ይመስላል፤ ዐሥሩም ዘፈኖች ጥሩ ናቸው፤ «ፖዚቲቭሊ ፎርዝ ስትሪት» የተባለው ዘፈንም ቀድሞ በነጠላ ሸክላ ብቻ የወጣ በመሆኑ በየትኛውም የስቱዲዮ አልበም ላይ አይገኝም። ይሁን እንጂ ዲላን ዘፈኖቹን በአልበም ቅደም ተከተል የሚያስብ ሰው ስለሆነ ከየቦታው ተለቅመው ሲደረደሩ ግማሽ ጉልበታቸውን ያጣሉ፤ ስብስቡን የገዛ ሰውም በዓመቱ ያንኑ ዘፈን በአልበሙ ውስጥ ደግሞ ሲገዛ አያለሁ። የግድ ከተፈለገ ሚልተን ግሌዘር የሣለው፣ ጸጉሩ በኅብረ ቀለም የተሞላው የዲላን ፖስተር በውስጡ መኖሩ ይታይ። ብዙ ጊዜ ፖስተሩ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል፤ ያለ ፖስተሩ ከ5 ዶላር በላይ አይከፈልበትም።

«ብሎንድ ኦን ብሎንድ» ታላቅ ሥራ መሆኑን አልክድም። በአብዛኛው በናሽቪል የተቀዳ ሁለት ሸክላ ያለው አልበም ሲሆን አራተኛውን ገጽ ከዐሥራ አንድ ደቂቃ በላይ የሚወስድ አንድ ዘፈን ብቻውን ይዞታል። ችግሩ ለገዢ ወጥመድ የበዛበት መሆኑ ነው። ሁለት ሸክላ ስለሆነ አዲሱ እትም ከ35 እስከ 45 ዶላር ያስከፍላል፤ አሮጌው ሲገኝም ከአራቱ ገጾች አንዱ የተጫረ መሆኑ አይቀርም፤ ሻጩ ግን ዋጋውን የሚተምነው በደኅናዎቹ ሦስት ገጾች ነው። በ1980ዎቹ የወጣው የመጀመሪያው ሲዲም አልበሙን በአንድ ዲስክ ለማብቃቃት ሲባል የአንዳንድ ዘፈኖች መጨረሻ የተቆረጠበት ነው። ከዚህ ሁሉ የሚያስቀው የሽፋኑ ነገር ነው። በመጀመሪያው እትም የውስጥ ሽፋን ላይ የተዋናይቷ የክላውዲያ ካርዲናሌ ፎቶግራፍ ነበረ፤ ያለ ፈቃድ የተወሰደ በመሆኑ በኋላ ወጣ። ዛሬ ፎቶግራፉ ያለበትን ሽፋን የያዘ ሻጭ በዚያ ብቻ ብዙ ዶላር ይጨምራል። ፎቶግራፉ አይዘፍንም፤ ለሰብሳቢ እንጂ ለአድማጭ አንድ ሳንቲም አይጨመርበትም።

የሞኖና የስቴሪዮ ጉዳይ የዲላንን የ1960ዎቹ አልበሞች በሙሉ የሚነካ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ አብዛኛው አድማጭ ቤቱ የነበረው ማጫወቻ አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ያለው ነበር፤ ስለዚህ ዋናው የቅንብር ጊዜ የሚጠፋው በሞኖው ላይ ነበር። በስቴሪዮው ሃርሞኒካው ወደ አንድ ወገን፣ ጊታሩ ወደ ሌላው ወገን ተገፍቶ፣ ድምፁ መካከል ላይ ብቻውን የቆመባቸው ዘፈኖች አሉ፤ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰሙ ደግሞ ይብሳል። ከ1960ዎቹ ማብቂያ በኋላ ግን ገበያው ሁሉ ስቴሪዮ ስለሆነ ሞኖዎቹ ጠፍተው ቆዩ፤ የመጀመሪያዎቹ ስምንት አልበሞች በአንድ ሣጥን በሞኖ እንደገና የታተሙት በ2010 ነው። «ኦሪጅናል» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን ሸክላ ሁሉ ከማመን በፊት የካታሎግ ቁጥሩን ማንበብ ይሻላል። ለምሳሌ የ«ሃይዌይ 61» የአሜሪካ ሞኖ «ሲኤል 2389»፣ ስቴሪዮው ደግሞ «ሲኤስ 9189» ነው። በቀዩ ክብ ወረቀት ዙሪያ «ኮሎምቢያ» የሚለው የአሳታሚው ኩባንያ ስም በብርቱካንማ ፊደል ተደጋግሞ ከተጻፈ ሸክላው የ1970 ወይም ከዚያ ወዲህ ኅትመት ነው፤ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የ1965 ነው ተብሎ የ1965 ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም።

ወደ «ሃይዌይ 61» ልመለስ። ዲላን በኒውፖርት የፎክ ሙዚቃ በዓል ላይ በሐምሌ 1965 ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ወጥቶ ከታዳሚው ከፊሉ ካጉረመረመበት ከአንድ ወር በኋላ የወጣ አልበም ነው። ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚረዝመው የመክፈቻ ዘፈን፣ የማይክ ብሉምፊልድ ጊታር፣ ጊታር ሊጫወት መጥቶ ኦርጋን ላይ የተቀመጠው አል ኩፐር፣ እነዚህ ሁሉ የሚታወቁ ናቸውና አልደግማቸውም። ለገዢ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ገጽ የሚያልቀው ዐሥራ አንድ ደቂቃ በሚወስደው «ዴሶሌሽን ሮው» ነው፤ ዘፈኑ የሸክላው እምብርት አጠገብ የተቀረጸ ሲሆን ያረጀ መርፌ ይበልጥ የሚያበላሸውም ይኸው የውስጠኛው ክፍል ነው። ስለዚህ ባለመደብሩ የመጀመሪያውን ዘፈን ከፍቶ «ይኸው፣ እንደ አዲስ ነው» ሲል መርፌውን አስነሥቶ የዚህን ዘፈን የመጨረሻ ሦስት ደቂቃ ማስከፈት ይገባል። የቻርሊ ማኮይ ለስላሳ ጊታር እየተንቋቋ፣ የዲላን «ስ» ድምፆች እንደሚጠበስ ሽንኩርት እየጮሁ ከመጡ ሸክላው 10 ዶላር እንኳን አያወጣም። ጤነኛ ሞኖ ከ60 ዶላር በታች ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ እኔ የምመክረው በሞኖ እንደገና የታተመውን ከ25 እስከ 30 ዶላር መግዛት ነው። በደቂቃ 45 ዙር በሚሽከረከር ሁለት ሸክላ የወጣውን ልዩ እትም ግን እርግፍ አድርጎ መተው ነው፤ ዋጋው እጥፍ ከመሆኑም በላይ አንድ አልበም ለመስማት አራት ጊዜ መነሣት ያስፈልጋል።

«ብለድ ኦን ዘ ትራክስ»ን የማስቀድመው በሙዚቃውም በዋጋውም ነው። በዋጋው ልጀምር። በ1975 በአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ የወጣ ስለሆነ በብዛት ታትሟል፤ በዚያ ዘመን ሞኖ የሚባል ነገር ስለቀረ የሚመረጥ ቅንብር የለም፤ ሸክላውም አንድ ነው። በዚህም ምክንያት በዘመኑ የታተመ ንጹሕ ቅጂ እስካሁን ከ15 እስከ 20 ዶላር ይገኛል፤ ያገለገለው ሲዲ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ዶላር ነው። ከጀርባው የጋዜጠኛው የፒት ሃሚል ጽሑፍ ያለበትም፣ በምትኩ ሥዕል የታተመበትም ሽፋን ገበያ ላይ አለ፤ ጽሑፉ የግራሚ ሽልማት ያገኘ ስለሆነ ዋጋቸው እኩል ከሆነ ጽሑፍ ያለበትን መውሰድ ነው፤ ለልዩነቱ ግን ከሁለት ዶላር በላይ መጨመር አያስፈልግም። እዚህም ላይ የማስጠነቅቀው ነገር ቢኖር አልበሙ ወደ 52 ደቂቃ የሚጠጋ መሆኑ ነው፤ ለአንድ ሸክላ ይህ ብዙ ስለሆነ ድምፁ ዝቅ ብሎ ተቀርጿል፤ ትንሽ ጭረትም ጎልቶ ይሰማል።

አልበሙ በመስከረም 1974 በኒውዮርክ ተቀድቶ አልቆ ነበር። ለሙከራ የታተሙት ሸክላዎች ከወጡ በኋላ ዲላን በታኅሣሥ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ሚኒሶታ ሄዶ ከዐሥሩ ዘፈኖች አምስቱን በሚኒያፖሊስ ከአካባቢው ሙዚቀኞች ጋር እንደገና ቀዳ፤ ሽፋኑ አስቀድሞ ታትሞ ስለነበር የእነዚያ ሙዚቀኞች ስም ሳይጻፍ ቀረ። ይህ የታሪክ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ አልበሙን ሲያዳምጡ አንዱ ዘፈን ለብቻው እንደሚያወራ ሰው ዝግ ብሎ፣ ቀጣዩ ደግሞ ከበሮው እየገፋው የሚመጣው ከሁለት ከተማ ስለሆነ ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ አድማጭም ከሦስቱ የሚቀርበው ይኸኛው ነው። በ1965 እና በ1966 የጻፋቸው ግጥሞች ምስል በምስል ላይ የሚከምሩ ስለሆኑ መዝገበ ቃላት ይዞም ማምለጥ ያዳግታል፤ እዚህ ግን የሚያወራው ስለ መለያየት ነው። ርቃ ለሄደች ሴት በሰው ሰላምታ የሚልክበትን ዘፈን በአማርኛ ዘፈን ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። «ኢዲየት ዊንድ» ውስጥ ደግሞ ሰባት ደቂቃ ያህል ሴቲቱን ሲሰድብ ቆይቶ በመጨረሻው አዝማች ላይ ራሱንም ከተሰዳቢዎቹ ጋር ይደምራል፤ በእኔ ጆሮ ከሁለቱ የቀደሙ አልበሞች ውስጥ ይህን የሚያህል አንድ ቦታ የለም።

በዚሁ አልበም ስም የሚሸጡትን ተጨማሪ እትሞች በተመለከተ፣ በ2018 የወጣው የኒውዮርክ ቅጂዎች ስብስብ በአንድ ሲዲም በስድስት ሲዲም አለ። አንዱ ይበቃል። በስድስቱ ላይ ያንኑ ዘፈን ደጋግሞ ሲሞክር መስማት ለተመራማሪ እንጂ ለጀማሪ አይደለም። በ2015 የ1965ንና የ1966ን ቅጂዎች ይዞ በ5000 ቅጂ ብቻ የታተመው የዐሥራ ስምንት ሲዲ ሣጥን 600 ዶላር ይጠየቅበት ነበር፤ በዚያ ገንዘብ ጥሩ ማጫወቻና ሙሉ የዲላን መደርደሪያ ይገዛል።

ገንዘብ የሚባክነው ግን ከሁሉ በላይ በተጭበረበሩና በተድበሰበሱ ቅጂዎች ነው። ዲላን ያለ ፈቃድ በመታተም ቀዳሚ ስም ያለው ዘፋኝ ነው፤ በ1969 የወጣውና ነጭ ሽፋን የነበረው ሕገ ወጥ ሸክላው በሮክ ዓለም ከታወቁት ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ዛሬ ደግሞ ሕጋዊም ሆኖ የማይረባ አለ። በአውሮፓ ሕግ እስከ 1962 የወጡ ቅጂዎች የባለቤትነት ጊዜያቸው ስላለፈ፣ የዲላንን የመጀመሪያ አልበም ማንኛውም አነስተኛ አሳታሚ ከሲዲ ገልብጦ በሸክላ ሊያትመው ይችላል። አዲስ፣ የታሸገ፣ 15 ዶላር፤ ሲከፈት ግን ድምፁ የታፈነ፣ የሽፋኑ ፎቶግራፍም ከሌላ ሽፋን ላይ በመቃኛ የተነሣ በመሆኑ ነጠብጣቡ የሚቆጠር ነው። ሌላው ዓይነት ከድሮ የሬዲዮ ሥርጭት የተቀዳ ኮንሰርት ሲሆን ሽፋኑ የስቱዲዮ አልበም እንዲመስል ተደርጎ ይዘጋጃል። አንድ ወዳጄ ስሙን ከማልጠራው የኢንተርኔት ሻጭ የታወቁ ዘፈኖች ዝርዝር ያለበትን እንዲህ ያለ ሸክላ በ28 ዶላር ገዝቶ፣ ከድምፁ ይልቅ የአዳራሹን ማሚቶ እየሰማ ተቀምጧል፤ ለመመለስ ቢጠይቅ «ተከፍቷል» ተባለ። የኮሎምቢያ ወይም የሶኒ ስም የሌለበትን የዲላን ሸክላ አለመግዛት ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ማጫወቻን በተመለከተ ሻንጣ የሚመስሉት ርካሽ ማጫወቻዎች መርፌያቸው ከባድ ስለሆነ የ20 ዶላር ሸክላ በጥቂት ወራት ያረጃል። ለጥገና ወስደው የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ የተበላሸው መርፌው ወይም የላስቲክ ቀበቶው ብቻ ነው፤ ቀበቶው ከ15 ዶላር አይበልጥም፤ መርፌው ከ25 ዶላር ይጀምራል። ከዚህ በላይ የጠየቀ ጠጋኝ ሲገኝ ማጫወቻውን መቀየር ይረክሳል።

አዲስ አበባ ላለ ወዳጅ የሚላክ ከሆነ ያለ ማመንታት ሲዲ ይሁን። የሸክላ የፖስታ ዋጋ ከሸክላው ይበልጣል፤ በመንገድ ሙቀት ያገኘው ሸክላም ጠምሞ ይደርሳል፤ የጠመመ ሸክላን የሚያቀና ብልሃት እስካሁን አላየሁም። በ1997 ወጥቶ የዓመቱ ምርጥ አልበም ግራሚን ያገኘው «ታይም አውት ኦቭ ማይንድ»ም ከመነሻው የሲዲ ዘመን ሥራ ስለሆነ፣ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ግዢ ላይ የደረሰ ሰው ሸክላውን ከማሳደድ ያገለገለ ሲዲውን በ4 ዶላር መውሰድ ይችላል።