አንዴ የሚነሣ፣ አንዴ አሻፈረኝ የሚል ኮምፒውተር፦ ቀድሞ የሚገዛው የትኛው ዕቃ ነው?

ጨርሶ የሞተ ኮምፒውተር ገዢን ብዙም አያደናግርም። የሚያደናግረው ዛሬ በመጀመሪያው ጭነት ተነሥቶ በማግስቱ አምስት ጊዜ የሚያስለምነው ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ጠጋኝ ዘንድ ሲደርስ ጨዋ ይሆናል፤ ቤት ሲመለስ ያው ነው። ባለቤቱ ትዕግሥቱ ያልቅና ዕቃ በግምት መግዛት ይጀምራል፤ ዛሬ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው)፣ በሚቀጥለው ወር ሃርድ ዲስክ፣ ከዚያ ማዘርቦርድ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ)። ግምቱ እስኪሰምር በወጣው ገንዘብ ደህና ያገለገለ ኮምፒውተር ሊገዛ ይችል ነበር።

እዚህ ጎን ለጎን የማቀርበው ሰዎች በዚህ ጊዜ የሚገዟቸውን አምስት ዕቃዎች ነው፦ የማዘርቦርድ ባትሪ፣ ፓወር ሰፕላይ (ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለክፍሎቹ የሚያከፋፍለው ሣጥን)፣ ራም፣ ዲስክ እና ራሱን ማዘርቦርዱን። እኩል ቦታ አልሰጣቸውም። ባትሪው ርካሽ ስለሆነ ክርክር አያስፈልገውም። ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው፣ ገንዘብም የሚገባው ፓወር ሰፕላይ ነው። ራም ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይቀየራል። ለአሮጌ ማሽን አዲስ ማዘርቦርድ መግዛት ደግሞ ከሁሉም የከፋው ውሳኔ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት፦ የሚቆመው የት ላይ ነው?

ማብሪያው ሲጫን ማራገቢያው ጨርሶ ካልዞረ ወይም ትንሽ ዞሮ ከቆመ ጥርጣሬው ወደ ፓወር ሰፕላይ ያጋድላል። ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ከቀረ ነገሩ የራም፣ የግራፊክስ ካርድ ወይም የማዘርቦርድ ነው። የአምራቹ ዓርማ ታይቶ ከዚያ ወዲያ አልሄድ ካለ ዲስኩን ወይም የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሣው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) ቅንብሩን ይመልከቱ። ዊንዶውስ መከፈት ጀምሮ የሚወድቅ ከሆነ ችግሩ የፕሮግራም ሊሆን ስለሚችል ዕቃ ለመግዛት አይቸኩሉ። ማዘርቦርዱ ጩኸት ካሰማ ወይም ትንንሽ የምርመራ መብራቶች ካሉት የትኛው ላይ እንደቆመ ይመዝግቡ፤ የጩኸቱ ትርጉም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ የዚያኑ ማዘርቦርድ መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ያለ ምንም ወጪ ይፈተሻሉ። አንደኛው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ነው፤ ገመዱን በቀጥታ ግድግዳ ላይ ሰክቶ መሞከር ይበቃል። ሁለተኛው ማብሪያው ነው፤ ይህን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። የኮምፒውተር ማብሪያ ለ4 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ሲቆይ ማሽኑን በግድ ያጠፋል። ስለዚህ ተጣብቆ የማይመለስ ማብሪያ ማሽኑን ያስነሣና ከ4 ሰከንድ በኋላ መልሶ ያጠፋዋል፤ ባለቤቱ ግን ማዘርቦርዱ ተቃጠለ ብሎ ያዝናል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የማብሪያው ሽቦ የሚሰካበትን ቦታ ከመመሪያው አይተው ሽቦውን ይንቀሉና ሁለቱን ፒኖች (ትንንሽ የብረት እግሮች) በካቻቢቴ ጫፍ ለቅጽበት ያገናኙ። በዚህ መንገድ ሁልጊዜ ያለ ችግር የሚነሣ ከሆነ ጥፋተኛው ማብሪያው ነው። ይህን ሳይሞክር «ማዘርቦርድ ይቀየር» የሚል ጠጋኝ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

ፓወር ሰፕላይ

ፓወር ሰፕላይ ከኤሌክትሪክ ጋር እስከተገናኘ ድረስ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን አንድ የ5 ቮልት መስመር ክፍት ያቆያል። ማብሪያው ሲጫን ማዘርቦርዱ ዋናዎቹን የ12፣ የ5 እና የ3.3 ቮልት መስመሮች እንዲለቅ ያዘዋል። መስመሮቹ ከረጉ በኋላ ፓወር ሰፕላዩ ከ100 እስከ 500 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ደህና መሆኑን የሚያበስር ምልክት ይልካል። ምልክቱ ካልደረሰ የኮምፒውተሩ አእምሮ የሆነው ፕሮሰሰር ሥራ አይጀምርም።

ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ አጠራቅመው ቮልቱን የሚያረጉ ክፍሎች) ሲያረጁ መስመሮቹ በወቅቱ አይረጉም፤ ምልክቱ ይዘገያል ወይም ጨርሶ ይቀራል። ያረጀ ካፓሲተር ሲቀዘቅዝ ይብስበታል፣ ሲሞቅ ይሻለዋል። ጠዋት ሦስት አራት ጊዜ ተጭኖ የሚነሣ፣ ከተነሣ በኋላ ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን የሚሠራ፣ ጠፍቶ ወዲያው ሲበራም የሚታዘዝ ማሽን ይህንኑ በሽታ ነው የሚያሳየው። ጠጋኙ አንዴ ካስነሣው በኋላ ደጋግሞ ቢሞክረው ጤነኛ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

በመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ሲለካ የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 እስከ 12.6፣ የ5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መሆን አለበት። ከዚህ ከወጣ ፓወር ሰፕላዩ መቀየር አለበት። በዚህ ውስጥ ከሆነ ግን ነፃ ወጣ ማለት አይደለም፤ ተራ መልቲሜትር በቅጽበት የሚከሰተውን መውረድና መዋዠቅ አያሳይም። የሚያስተማምነው ጤነኛነቱ የታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ ለጥቂት ቀናት ጠዋት ጠዋት መሞከር ነው። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ፈትቼ ካፓሲተር እቀይራለሁ ማለት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ሊቀር ይችላል።

አዲስ ሲገዛ የብዙዎች ዓይን ዋቱ ላይ ያርፋል። ተጨማሪ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው የቢሮ ኮምፒውተር ከ300 እስከ 450 ዋት ይበቃል። 700 ዋት የሚል ወረቀት የተለጠፈበት፣ በእጅ ሲያነሡት የሚቀልና አምራቹ የማይታወቅ ሣጥን ከታማኝ 400 ዋት አይሻልም። መታየት ያለበት የ12 ቮልቱ መስመር ለብቻው ስንት ዋት እንደሚሸከም ነው፤ ጎኑ ላይ ባለው ሰንጠረዥ ተጽፎ ይገኛል። ዘመናዊ ኮምፒውተር አብዛኛውን ኃይሉን የሚወስደው ከዚህ መስመር ነውና ድርሻው ከጠቅላላው ግማሽ የማይሞላ ከሆነ ትልቁ ቁጥር ለሽያጭ የተጻፈ ነው።

ፓወር ሰፕላይ ላይ የሚለጠፈው 80 ፕላስ የሚለው ምልክት እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ ሲሆን የሚመሰክረው ስለ ቁጠባ ነው፤ ከተወሰደው ኤሌክትሪክ ምን ያህሉ ሙቀት ሆኖ ሳይባክን ኮምፒውተሩ ላይ እንደሚደርስ ይናገራል። በ115 ቮልት በሚደረገው ፈተና ግማሽ ጭነት ላይ ከብሮንዝ ደረጃ 85 በመቶ፣ ከጎልድ ደረጃ 90 በመቶ ይጠበቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አልነሣም የሚልን ማሽን አይፈውስም። እኔ ለዚህ ጉዳይ አጭር ዋስትና ካለው ጎልድ ይልቅ የ5 ዓመት ዋስትና ያለውን ብሮንዝ እመርጣለሁ፤ አምራች ረጅም ዋስትና የሚሰጠው በካፓሲተሮቹ ሲተማመን ነው። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ግን በርካሽም ቢሆን አይግዙ። የሚሸሹት እርጅና እዚያም ውስጥ አለ፣ ከውጭ ደግሞ አይታይም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የታወቁ አምራቾች የቢሮ ኮምፒውተሮች፣ በተለይ ትንንሾቹ፣ የራሳቸው ቅርጽና የራሳቸው መሰኪያ ያለው ፓወር ሰፕላይ ይጠቀማሉ። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የኮምፒውተሩን ሳጥን ከፍተው ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባውን የትልቁን መሰኪያ ፒኖች ይቁጠሩ። 24 ፒን ከሌለው በላዩ በተጻፈው የዕቃ ቁጥር መፈለግ ይኖርብዎታል፤ መደበኛው አይገጥምም። 24 ፒን ካለውም የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ቅርጽ አይተው ይግዙ።

ይህን ችግር ለመፍታት ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የመጠባበቂያ ኤሌክትሪክ መሣሪያ) የሚገዙ ሰዎችም አሉ። ዩፒኤስ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሥራን ያድናል፤ የደከመ ካፓሲተርን ግን አያድስም።

የማዘርቦርድ ባትሪ

ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ናት፤ 3 ቮልት፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሰው ከተገኙ ደክማለች ማለት ነው። እርሷ ስትደክም የባዮስ ቅንብር ይጠፋል፤ ማሽኑም ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሣ ሊረሳ ይችላል። ስትለካ ከ2.8 ቮልት በታች ከሆነች ይቀይሯት። ከመቀየርዎ በፊት የባዮሱን ገጾች በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ቅንብሩ ወደ መነሻው ተመልሶ ዊንዶውስ አልከፍት ሲል ሰው አዲሷን ባትሪ ይከሳል።

ራም

ማራገቢያው ዞሮ ስክሪኑ ሲጨልም ሁሉም ራም ይገዛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን መፍትሔው ላጲስ ነው። ገመዱን ነቅለው ራሙን ያውጡ፤ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርገው ይጥረጉ፣ ፍርፋሪውን ያራግፉ፣ እስኪቀጭ ድረስ መልሰው ይጫኑት። ሁለት ካሉዎት አንዱን ብቻ አስገብተው ይሞክሩ፤ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ማስገቢያውን ይቀይሩ። አንዱ ራም በየትኛውም ማስገቢያ ካላስነሣ የሞተው እርሱ ነው። ሁለቱም በአንድ ማስገቢያ ብቻ እምቢ ካሉ የተጎዳው ማዘርቦርዱ ነው፤ አዲስ ራም ምንም አይጠቅምም።

መግዛት የግድ ከሆነ ትውልዱን ያረጋግጡ። ዲዲአር 3 ባለ 240 ፒን ሲሆን ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 ሁለቱም 288 ፒን አላቸው፤ ቢሆንም የመሐል ክፍተታቸው ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። ዲዲአር 5 የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ፦ አዲስ ራም ከገባ በኋላ ማዘርቦርዱ ከራሙ ጋር ራሱን እስኪያስማማ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ሊጨልም ይችላል። በመሐል የሚያጠፉት ሰዎች ጤነኛ ዕቃ ይመልሳሉ።

ዲስክ

ዓርማው ታይቶ የሚነሣበት ዲስክ እንዳላገኘ የሚገልጽ ጽሑፍ የሚያመጣ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ የሚነሣ ማሽን ካለዎት በመጀመሪያ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ኬብል ይቀይሩ፤ ከዲስኩ በብዙ እጥፍ ይረክሳል። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ፋይልዎን ዛሬውኑ ይገልብጡ።

በሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው፣ በሳታ ኬብል የሚገናኝ ዲስክ) እና በኤንቪኤምኢ (ከእርሱ የፈጠነ የኤስኤስዲ ዓይነት) መካከል መምረጥ ካለብዎት በወረቀት ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ሳታው በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ሲያነብ በትውልድ 3 ፒሲአይ ኤክስፕረስ (በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፈጣን የመረጃ መስመር) የሚሠራ ፈጣን ኤንቪኤምኢ 3,500 ይደርሳል። ለአሮጌ ማሽን ግን ሳታውን ይውሰዱ። ብዙ የቆዩ ማዘርቦርዶች በአስማሚ ካርድ ኤንቪኤምኢ ቢገባላቸውም ከእርሱ መነሣት አይችሉም፤ ደግሞም ከሃርድ ዲስክ ለሚመጣ ሰው ሳታው ራሱ በቂ ፍጥነት ነው። ከአምስቱ ዕቃዎች ጥፋተኛ ሆኖ ባይገኝ እንኳ የማይቆጨው ግዢ ይህ ነው፤ ማሽኑ ቢሞት ወደሚቀጥለው ይዞት መሄድ ይቻላል።

ማዘርቦርድ ወይስ ሌላ ኮምፒውተር?

ሌላው ሁሉ ተፈትኖ ማዘርቦርዱ ከቀረ ንጽጽሩ ይቀየራል። አዲሱ ማዘርቦርድ ከፕሮሰሰሩ ሶኬት (መቀመጫ) እና ከራሙ ትውልድ ጋር መግጠም አለበት። ለቆየ ፕሮሰሰር የሚሆን አዲስ ማዘርቦርድ እየጠፋ ስለሚሄድ የሚያገኙት ያገለገለ ይሆናል፤ ታሪኩም አይታወቅም። ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣ የዊንዶውስ ፈቃድ ከማዘርቦርዱ ጋር የታሰረ ስለሆነ እርሱም ሊቀር ይችላል።

በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ 8ኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጡትን ብቻ ይቀበላል። ኮምፒውተርዎ ከዚህ የቀደመ ከሆነና በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስን ለመጠቀም ካላሰቡ የማዘርቦርዱን ገንዘብ ያገለገለ ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ይጨምሩት። ቀደም ሲል ገዝተውት የነበረው ኤስኤስዲ፣ መደበኛ ከሆነም ፓወር ሰፕላዩ፣ አብረው ይሻገራሉ።

ያገለገለውን ለማየት ሲሄዱ አስቀድሞ እንዳይበራ ለሻጩ ይንገሩ። ሲደርሱ ሳጥኑን በእጅዎ ዳሰው ይመልከቱ። ሞቆ ካገኙት ገመዱ ተነቅሎ ለጥቂት ሰዓታት እንዲቆይ ያድርጉና ተመልሰው ራስዎ ያብሩት፤ ሻጩ በዚህ ካልተስማማ አይግዙ።