የኤምአርአይ ባለሙያ ፌርሚላብን ስትጎበኝ

በማግኔት የሰውነትን ውስጥ ምስል የሚያነሳውን የኤምአርአይ ማሽን ሳሠራ 11 ዓመት ሆነኝ። ጠዋት ሥራ ስገባ መጀመሪያ የማየው የሂሊየሙን መጠን ነው። ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘው ያ ፈሳሽ ከሌለ ማሽኑ ምንም አያነሳም። የማግኔቱ ሽቦ ከኒዮቢየምና ከቲታኒየም የተቀየጠ መሆኑን በትምህርት ላይ ሳለሁ አጥንቻለሁ። ፋብሪካዎች ያንን ሽቦ በብዛትና በጥራት መሥራትን የለመዱት በአብዛኛው አንድ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ስለጠየቃቸው እንደሆነ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ይህን የሰማሁት ባለፈው የጸደይ ወቅት ፌርሚላብ የሚባለውን ያንን ላቦራቶሪ ከአባቴ ጋር ስጎበኝ ነው። ሌላ ሰው እንዲሄድና እንዲያይ ስለምፈልግ ያየሁትን እነሆ።

ቦታውን የመረጡት አባቴ ናቸው። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። «የት ልውሰድዎት?» ስላቸው የቺካጎን ሐይቅም ሰማይ ጠቀስ ፎቅም ትተው «ሌደርማን የሠራበትን ቤት አሳዪኝ፣ ልጄ» አሉኝ፤ ሌደርማን የኖቤል ተሸላሚ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። የፌርሚ ብሔራዊ አክስለሬተር ላቦራቶሪ ከቺካጎ ወደ ምዕራብ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባታቪያ ከምትባል ከተማ አጠገብ ነው። አክስለሬተር ማለት እንደ ፕሮቶን ያሉ ጥቃቅን ቅንጣቶችን በኤሌክትሪክ እየገፋ፣ በማግኔት አቅጣጫቸውን እያስቀየረ፣ ፍጥነታቸውን ወደ ብርሃን ፍጥነት የሚያስጠጋ ማሽን ነው። መግቢያው በነፃ ነው። መንግሥት የሰጠው ባለፎቶ መታወቂያ ስለሚጠየቅ ግን ከቤት ሳትወጡ ደንቡን ድረ ገጻቸው ላይ አንብቡ፤ በአስጎብኚ መዞር ከፈለጋችሁም ቀድማችሁ ተመዝገቡ።

በፓይን ስትሪት በኩል ስትገቡ መኪናው በትልቅ የብረት ቅስት ሥር ያልፋል። ሦስት እግር አለው፤ ብረቱ የተወሰደው አገልግሎቱን ከጨረሰ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ነው። በቀጥታ ከሥሩ ሆናችሁ ካላያችሁት በቀር የተዛባ ይመስላል፤ ስሙም «የተሰበረ ሲሜትሪ» (የተሰበረ መመጣጠን) ነው። የሠራው የላቦራቶሪው የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሮበርት ዊልሰን ራሱ ነው። የፊዚክስ ሊቅም ቀራፂም ነበር። አባቴ መኪናውን አስቁመውኝ ወረዱና ከሦስቱም አቅጣጫ ዞረው አዩት። ተመልሰው ሲገቡ «ይኼ ሰውዬ ለተማሪ የሚገባ ነገር ያውቅ ነበር» አሉ።

ወደ ዋናው ሕንፃ ስትነዱ ሜዳው ላይ የአሜሪካ ጎሾች ሲግጡ ታያላችሁ። ዊልሰን በ1969 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ኮርማና አራት ላሞች አስመጥቶ ነው የጀመረው፤ የዋዮሚንግ ልጅ ስለነበር የትውልድ ቦታውን ሣርና እንስሳ ይወድ ነበር። በዚያው ዓመት በኮንግረስ ፊት ቀርቦ ሴናተር ጆን ፓስቶሬ «ይህ ማሽን ለአገር መከላከያ ምን ይጠቅማል?» ብለው ሲጠይቁት የሰጠው መልስ ታዋቂ ነው፦ አገሪቱን ለመከላከል በቀጥታ የሚያደርገው ነገር የለም፣ ልንከላከላት የሚገባት አገር እንድትሆን ከማገዝ በቀር። ገንዘብ ለመጠየቅ የቀረበ ሰው እንዲህ ብሎ መመለሱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አስጎብኚያችን እርጋታ ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። በመጀመሪያው ዳይሬክተር ስም የሚጠራው የዊልሰን ሕንፃ ውስጥ ይዘውን ገቡ። ሕንፃው 16 ፎቅ ነው፤ ሁለቱ ጎኖቹ ወደ ላይ እየተጠጋጉ ይሄዳሉ፤ ዊልሰን ሐሳቡን የወሰደው በፈረንሳይ ካለው የቦቬ ካቴድራል ነው ይባላል። መሐሉ እስከ ላይ ክፍት ስለሆነ ቀና ስትሉ በእርግጥም ቤተ ክርስቲያን የገባችሁ ይመስላችኋል። እኔን ከሕንፃው ይልቅ የነካኝ ሰውየው እዚያ ቆመው የነገሩን ነው። ላቦራቶሪው ሥራ የጀመረው በ1967፣ ኢሊኖይ ውስጥ ጥቁሮች ቤት በፈለጉበት መግዛትና መከራየት ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚለው ክርክር በጋለበት ጊዜ ነበር። በ1968 ዊልሰንና ምክትሉ ኤድዊን ጎልድዋሰር ለሰብአዊ መብት የቆመ የጽሑፍ መግለጫ አወጡ፤ ከቺካጎ ጥቁር ወጣቶችን መልምለውም በቴክኒሺያንነት አሠለጠኑ። እዚህ አገር ሥራ ለማግኘት የለፋ ሰው ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፈውም።

አሁን ስለ ማግኔቶቹ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ትልቅ ማሽን «ዋናው ቀለበት» ይባላል፤ ዙሪያው 6.3 ኪሎ ሜትር ነው፤ ፕሮቶኖቹን በቀለበቱ ላይ እያጠመዘዙ የሚይዙ ከ1,000 በላይ ማግኔቶች ነበሩት። በ1971 ሥራው ሊጀመር ሲል ማግኔቶቹ በተራ በተራ ይቃጠሉ ጀመር። የበጋው ርጥበት አየር ዋሻው ውስጥ ገብቶ በቀዝቃዛዎቹ ማግኔቶች ላይ ጤዛ ሆነ፤ ውሃው በመሸፈኛው ስንጥቅ ሰርጎ ኤሌክትሪኩን አገናኘው። ከ300 በላይ ማግኔቶች ተበላሹ። እያንዳንዱን ቆርጦ ማውጣትና ሌላ መተካት ነበረባቸው። በዚህ ላይ ሲቆርጡ የሚረግፈው የብረት ብናኝ ፕሮቶኖቹ በሚሄዱበት አየር አልባ (ቫኪዩም) ቱቦ ውስጥ ቀርቶ ፕሮቶኖቹን መንገድ ዘጋባቸው።

ፌሊሺያ ወደዚህ ታሪክ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ፌሬት የምትባል፣ ቀጠን ብላ ረዘም ያለች፣ ጉድጓድ መግባት የምትወድ ትንሽ እንስሳ ናት። አንገቷ ላይ ገመድ አሰሩላትና ቱቦው ውስጥ ለቀቋት፤ በወዲያኛው ጫፍ ስትወጣ በገመዱ ላይ በማጽጃ ፈሳሽ የተነከረ ጨርቅ ተጎትቶ ቱቦውን ይጠርገዋል። ትልቁን ቀለበት ግን እምቢ አለች። በላቦራቶሪው ሌላ ክፍል ባሉ አጫጭር ቱቦዎች ሠራች፤ ለቀለበቱ መሐንዲሶቹ በተጨመቀ አየር የሚገፋ መጥረጊያ ፈጠሩ። አብረውን የነበሩ ልጆች ኳርክ ስለሚባሉት፣ ፕሮቶን ስለተሠራባቸው ቅንጣቶች ሲነገር ሲያዛጉ የነበሩት ፌሊሺያ ላይ ሲደርስ ነቁ። መጋቢት 1 ቀን 1972 ማሽኑ የታቀደለት 200 ቢሊዮን ኤሌክትሮንቮልት (የቅንጣት ኃይል መለኪያ ነው) ላይ ደረሰ። ኮንግረስ ከፈቀደው 250 ሚሊዮን ዶላር በታች ነው የተሠራው፤ ይህን ሁሉ ማግኔት ደግመው ተክተው።

የሌደርማንን የሥራ ቦታ ለማየት የመጡት አባቴ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ሊዮን ሌደርማንና ቡድኑ በ1976 በ6 ቢሊዮን ኤሌክትሮንቮልት አካባቢ አዲስ ቅንጣት አገኘን ብለው አሳወቁ። ተጨማሪ መረጃ ሲሰበስቡ ቅንጣቱ የለም፤ የቁጥር አጋጣሚ ነበር። ኡፕሲሎን ብለው ሊሰይሙት ስለነበር ባልደረቦቻቸው «ኡፕስ ሊዮን» አሉት፤ በእንግሊዝኛ «ኡፕስ» ስህተት የሠራ ሰው የሚያወጣው ቃል ነው። በዓመቱ፣ በ1977፣ ያው ቡድን በ9.5 ቢሊዮን ላይ እውነተኛውን አገኘ። አምስተኛው ኳርክ፣ ቦተም ኳርክ፣ በዚህ ታወቀ። ሌደርማን ቀጥሎ የላቦራቶሪው ዳይሬክተር ሆነ፤ በ1988 በሌላ ሥራው ኖቤል ተሸለመ። አስጎብኚያችን ስህተቱን ከግኝቱ እኩል ጊዜ ሰጥተው መናገራቸውን በጣም ወደድኩላቸው። ምስል ላይ የሌለ ነገር አይቶ «አለ» ማለት እኔም በሥራዬ የምፈራው ነገር ነው፤ መድኃኒቱም አንድ ነው፣ ደግሞ ማንሳት።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር የማግኔት ቁራጭ ነው። እንደ ዳቦ ተቆርጦ ውስጡ ይታያል። በ1970ዎቹ ላቦራቶሪው በዚያው ዋሻ ውስጥ፣ ከድሮዎቹ ማግኔቶች ሥር፣ ሁለተኛ ቀለበት ለመዘርጋት ተነሣ። ማግኔቶቹ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናሉ፤ ማለትም በፈሳሽ ሂሊየም ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክ ያለ ምንም መቋቋም ያሳልፋሉ። ጉልበታቸው ወደ 4 ቴስላ ይጠጋል፤ ለማነጻጸር የእኔ ማሽን 1.5 ነው። ችግሩ ሽቦው ለዓይን በማይታይ መጠን እንኳ ቢንቀሳቀስ ይሞቃል፤ ከሞቀ ሱፐርኮንዳክተርነቱ ይጠፋል፤ ሂሊየሙም በአንድ ጊዜ ይፈላል። ይህን እኛም እነሱም «ኩዌንች» እንለዋለን። እኔ ቀድሞ በምሠራበት ቦታ አንድ ጊዜ ደርሶ ሰምቻለሁ፤ ሂሊየሙ በጣሪያው ቧንቧ ሲወጣ የሚያሰማው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ያ ነገር በአንድ ዋሻ ውስጥ በተደረደሩ በብዙ መቶ ማግኔቶች ላይ እንዳይደርስ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ የዚያን ቀን ገባኝ።

አልቪን ቶልስትረፕ የሚባል ሰው መላ አገኘለት፦ የሽቦውን ጥቅል ከማይዝግ ብረት በተሠሩ ስስ ቀለበቶች ከየአቅጣጫው ጨምቆ ማሰር። በመስኮቱ በኩል እነዚያን ቀለበቶች ተደራርበው ታዩአቸዋላችሁ፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ ናቸው። ሽቦውን ደግሞ ያን ያህል መጠን ሠርቶ የሚያውቅ ስላልነበረ ላቦራቶሪው ራሱ ከአምራቾቹ ጋር ተቀምጦ ሠራው። ከዚያ የወጣው ችሎታ ነው በኋላ የኤምአርአይ አምራቾች የተጠቀሙበት። መስታወቱ ፊት ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ቡድኑ ጥሎኝ ሄዶ አባቴ ተመልሰው መጥተው ነው የወሰዱኝ።

ማሽኑ ቴቫትሮን ተባለ። ግንባታውን ከመሩት ዋነኛዋ ሄለን ኤድዋርድስ ናት። በሐምሌ 1983 መጀመሪያ 512 ቢሊዮን ኤሌክትሮንቮልት ላይ ደረሰ፤ ያኔ በዓለም ላይ የሚበልጠው አልነበረም። እሷ፣ ቶልስትረፕና ሌሎች ሁለት ባልደረቦቻቸው በ1989 የአገሪቱን ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳልያ ተቀበሉ። መስከረም 30 ቀን 2011 ቴቫትሮን ለመጨረሻ ጊዜ ሲዘጋ ቁልፉን የተጫነችው እሷው ናት። በአውሮፓ ሰርን የሚባለው ላቦራቶሪ ትልቁ ማሽን በኃይል በልጦት ስለነበር መዘጋቱ ተገቢ ነበር፤ የገነባችውን ማሽን በእጇ ማጥፋቷ ግን እኔን አንጀቴን በላኝ።

በ1983ና በ2011 መሐል አባቴ የጠበቁት ነገር አለ። ቦተም ኳርክ ከተገኘ በኋላ ጥንድ እንደሚኖረው ይጠበቅ ነበር። አባቴ ለተማሪዎቻቸው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስድስት ሳጥን ሥለው አምስቱን ይሞሉና ስድስተኛው ውስጥ የጥያቄ ምልክት ያደርጉ ነበር። ለዓመታት ሲዲኤፍና ዲ ዜሮ የሚባሉ ሁለት ቡድኖች፣ እያንዳንዳቸው ወደ 400 ሰው ይዘው፣ ፕሮቶንና ፀረ ፕሮቶን እያጋጩ ፈለጉት። መጋቢት 2 ቀን 1995 ሁለቱም ቡድኖች በአንድ ቀን ቶፕ ኳርክን አገኘን አሉ። አንድ ብቻውን የወርቅ አቶምን ክብደት የሚጠጋ ቅንጣት ነው፤ ዘግይቶ የተገኘውም ይህን ያህል ከባድ የሆነን ነገር ለመፍጠር ያን ያህል ኃይል ስለሚያስፈልግ ነው። አባቴ ለሽማግሌው ስለ ሳጥኑ ነገሯቸው። ሰውየው እጃቸውን ጨበጧቸው፤ ቡድኑ ቆሞ እየጠበቀ ሁለቱ ለብዙ ደቂቃ አወሩ። የጉብኝቱ ሰዓት በዚህ ምክንያት ተራዘመ፤ ማንም አላጉረመረመም።

ኒውትሪኖ ስለሚባለው፣ ቁስን እምብዛም ሳይነካ ስለሚያልፈው ቅንጣት የተነገረን በጥድፊያ ነበር፤ እኔም ድካም ይዞኝ ስለነበር በደንብ አልያዝኩትም። ከዓይነቶቹ አንዱ የሆነው ታው ኒውትሪኖ እዚሁ በ2000 መታየቱን፣ አሁን ደግሞ ኒውትሪኖ ከዚህ ተነሥቶ በምድር ውስጥ 1,300 ኪሎ ሜትር አልፎ ሳውዝ ዳኮታ ድረስ የሚላክበት ዱን የተባለ ሙከራ እየተገነባ መሆኑን አስታውሳለሁ። ከኒውዮርክ በ2013 በጀልባና በጭነት መኪና የመጣው 15 ሜትር ስፋት ያለው የማግኔት ቀለበት ታሪክም ለብቻው አንድ ጉብኝት ይበቃዋል፤ ሳይጣመም እንዲደርስ በሌሊት መንገድ ተዘግቶለት ነው የገባው።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ልጆቻችሁ ከ10 ዓመት በላይ ከሆኑ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለትንንሾቹ ሌደርማን ሳይንስ ማዕከል ውስጥ በእጅ የሚነኩ ነገሮች አሉ፣ እዚያ አቆዩአቸው። ሜዳው ላይ ነፋሱ ከባድ ነው፣ ካፖርት አትርሱ። ምቹ ጫማ አድርጉ። ግማሽ ቀን ሳይሆን ሙሉ ቀን መድቡ፤ ከ1975 ጀምሮ እንደገና የተተከለው የዱር ሣር ውስጥ መሄጃ መንገድ አለ፣ እኛ ጊዜ አጥሮን ሳንሄድበት ቀረን። ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ሂዱ፤ አባቴ ጽፈው ነበር የመጡት፣ እኔ ባለመጻፌ ስለ ሂሊየሙ አቅርቦት ልጠይቅ የነበረውን ረሳሁት።

በማግስቱ አባቴ የእኔን ማሽን ማየት ፈለጉ። ታካሚ በሌለበት ሰዓት አስገባኋቸው፤ ሰዓታቸውንና መነጽራቸውን አስወልቄ በሩ ላይ አቆምኳቸው። የሂሊየሙን ቁጥር በስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው። ማቀዝቀዣው ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ ጥቂት አዳመጡና «ቶልስትረፕ ይህን ሰምቶት ይሆን?» አሉኝ።